ለሻለቃ የተወለወለ ጎመን

መስመርን አንድ ተራ ቀን ምን ያስወጣታል ቢባል ሂሳቡ እንዲህ ነው። አርባ ሸሚዝ፣ ሃያ ሁለት ሱሪ፣ ሲብስም የአንድ ሆቴል ሙሉ መጋረጃ። ዘጠኝ ሰዓት መቆም። ሁለት ሊትር ውሃ ጠጥቶ ሦስቱን በላብ መመለስ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ክንዷ ላይ የሚታተም የካውያ ጫፍ። ለመሄጃ አንድ አውቶቡስ፣ ለመመለሻ ሌላ፣ በሁለቱም ውስጥ የሰው ክርን። ቤት ስትገባ ደግሞ የአምስት ዓመት ልጅ ፀጉር ማበጠር አለ፤ እሱ ብቻውን ከአርባው ሸሚዝ ይበልጣል።

መስመር ያሏት የላውንደሪ ቤቱ ባልደረቦቿ ናቸው። እሷ የተኮሰችው ሱሪ መስመሩ ዳቦ ይቆርጣል ይላሉ። ስሙ ተለጥፎባት ቀረ፤ ባሏ እንኳ ካላኮረፈ በቀር በሌላ አይጠራትም።

ይህን ሁሉ ለምዳዋለች። ያልለመደችው በቅርቡ ሂሳቡ ላይ የተጨመረባትን ነው፦ ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት ወለል ላይ በደረቷ ተኝታ፣ አንድ ኤሊ የጎመን ቅጠል ይበላ እንደሆነ መጠበቅ።

ኤሊው የአክስቷ ነው። አክስቷን እቴቴ ትላታለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት እሷ ናት፤ መስመር ተማሪ ሳለች የነበራት የደንብ ልብስ አንድ ብቻ ስለነበረ፣ እቴቴ ማታ ማታ አጥባ፣ ጠዋት ጠዋት ተኩሳ ታለብሳት ነበር። አንድም ቀን እርጥብ ልብስ ለብሳ ክፍል ገብታ አታውቅም። ካውያ መያዝንም ያስተማረቻት እሷው ናት። እንግዲህ ይህች ሴት ዓይኗን ሞራ ጋረዳትና ቀዶ ጥገና ታዘዘላት፤ ሌላ ከተማ ወዳለው ወንድ ልጇ ቤት ልትሄድ ሆነ። ሻንጣዋን ከመቆለፏ በፊት አንድ ሳፋ ለመስመር አስረከበች።

ሳፋው ውስጥ ያለው ከቡጢ ከፍ ያለ፣ ጀርባው ላይ ቢጫ ቀለም የተረጨበት የሚመስል፣ ዓይኑ ቀይ ኤሊ ነበር። ሲነኩት ራሱንም እግሩንም ሰብስቦ፣ የሆዱን ቅርፊት እንደ ክዳን አንሥቶ ግጥም ከሚያደርጉት ወገን ነው፤ ከተዘጋ በኋላ ሳጥን እንጂ እንስሳ አይመስልም። የብረት ቆብ የደፋ ስለሚመስል እቴቴ ሻለቃ ብላዋለች። አሥራ አንድ ዓመት አብረው ኖረዋል።

«ምንም አያስቸግርሽም» አለቻት። «ጠዋት አንድ የጎመን ቅጠል ታደርጊለትና መንገድሽን ትሄጃለሽ። ስትመለሺ ቅጠሉ የለም። በቃ።»

እንዲህ ላለች ሴት፣ እንዲህ ያለ ቀላል ነገር፣ እንዴት ተብሎ እንቢ ይባላል?

የመስመር ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሁለት ክፍል ነው፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ መስኮቱ የጎረቤት ግድግዳ የሚያይ። ላውንደሪ ውስጥ ሰባት ዓመት የሠራ ሰው ደግሞ የራሱን ሕግ ያወጣል። የመስመር ሕግ፣ እርጥብ ነገር ይሻግታል፣ የሻገተ ነገር ይሸታል፣ የሸተተ ነገር ደንበኛ ያባርራል የሚል ነው። ስለዚህ ሻለቃን በምታውቀው ክብር ሁሉ ተቀበለችው። የእንጨት ሳጥን ፈልጋ፣ አሮጌ አንሶላ ቆርጣ፣ ተኩሳ አነጠፈችለት። ማታ ያንን አንሥታ ጠዋት ሌላ የተተኮሰ ታነጥፋለች። እሱንም በለስላሳ ጨርቅ ታብሰዋለች። ውሃ እንዳይደፋበት በጠርሙስ ክዳን ልክ ሰጠችው። ጎመኑን አጠበችና በፎጣ አደረቀችው፤ አንድ ጠብታ እንዳይቀርበት እንደ ብርጭቆ ወለወለችው። ባሏ በሩ ላይ ቆሞ ሲያይ ቆየና፣ ካገባሁሽ ስምንት ዓመቴ፣ አንድ ቀን ለኔ ጎመን ስትወለውዪ አላየሁም አላት።

ሻለቃም አልበላውም።

በመጀመሪያው ቀን፣ እንግድነት ነው ተባለ። በሁለተኛው፣ መንገድ አድክሞት ነው ተባለ። በሦስተኛው ቀን ማታ ቅጠሉ ጠዋት የተቀመጠበት ቦታ ጠውልጎ ነበረ፤ ሻለቃም ክዳኑን ገጥሞ ከጎኑ ተቀምጧል፣ ቅጠሉ በነፋስ እንዳይሄድ የተጫነ ድንጋይ ይመስል። በዚያው ማታ እቴቴ ደወለች። ቀዶ ጥገናው በሰላም አልፏል፣ ዓይኗ ታሽጓል። ሐኪሙ ለሦስት ሳምንት አትጎንብሺ፣ ከባድ ነገር አታንሺ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንዳታለቅሺ ብሏታል። ይህን እየሳቀች ነው የነገረቻት፤ እኔን በዚህ ዕድሜዬ ምን ያስለቅሰኛል ብላ። ከዚያ ጠየቀች።

«ሻለቃ በላ?»

«በላ» አለች መስመር።

ውሸቷ ስትወለድ ትንሽ ነበረች። በማግስቱ እቴቴ ስንት ቅጠል ብላ ጠየቀች፣ መስመርም ላለመሰሰት ሁለት አለች። እኔ ዘንድ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከአንድ አልፎ አያውቅም፣ ምን ብታደርጊለት ነው አለች እቴቴ፤ ድምጿ ውስጥ ቅናት ቢጤ ነበረበት። አሁን እውነቱን መናገር አንድ ሳይሆን ሁለት ውሸት ማፍረስ ሆነ። ስለ ኤሊው የምታውቅ ሰው እቴቴ ብቻ ነበረች፤ እሷን መጠየቅ ቀረ። ብትነግራትና ብታለቅስስ? ደግሞ ዝም ብላ ኤሊው ቢሞትስ? ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ማለት ይሄ ነው።

ቤተሰቡ ተሰለፈ። ባሏ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ለእሱ በዚህ ዓለም ያለ ችግር ሁሉ የኃይል ማነስ ነው። ይሄ ፍጥረት ሙቀት አንሶታል አለና ከሳጥኑ በላይ አምፖል ሰቀለ። ሻለቃ ከብርሃኑ ሸሽቶ አንሶላው ሥር ገባ። ልጃቸው ሚጢጢ በበኩሏ፣ የማይበላው የሚለምነው ስለጠፋ ነው ብላ ወሰነች። ማንኪያ ይዛ ፊቱ ቁጢጥ አለችና፣ አውሮፕላን መጣ፣ ክፈት፣ ይቺን ለእማዬ፣ ይቺን ለአባዬ ስትለው ቆየች። መስመር ከማድ ቤት ተመልሳ ሳጥኑ ውስጥ ቅጠል የሚባል ነገር ስታጣ እጇን ዘርግታ አመሰገነች። በደስታ ክንፍ አውጥታ ወደ ሥራ ሄደች። የመጀመሪያውን ሸሚዝ ጠረጴዛው ላይ ስትዘረጋ ነው፣ ልጅቷ ስትሰናበታት ጥርሷ ላይ አረንጓዴ ነገር እንደነበረ ትዝ ያላት።

ለእንስሳት ሐኪምም ደወለች። ሐኪሙ ላምና ውሻ እንደሚያክም፣ ኤሊ ግን ሥራ ከጀመረ አንድም ቀን እንዳልመጣለት በትሕትና ነገራት፤ ሞቅ ይበለው፣ ውሃ አይጉደልበት ብሎ ሸኛት። ውሃስ መቼ ጎደለበት፣ ክዳን ሙሉ አለው አለች በሆዷ። ካሮት ተፈገፈገ፣ ሙዝ ተላጠ፣ ቲማቲም ተከተፈ። ሁሉም በፎጣ እየደረቀ ቀረበ፣ ሁሉም እንደቀረበ ተነሣ። ባሏ፣ ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው፣ ተይው ይላታል። እሷ ግን የማይለቅ እድፍ የለም፣ ያልተገኘ ዘዴ ነው ያለው ባይ ናት። ጠዋት ስትነሣ ዛሬስ ብላ ነው የምትነሣው።

በዘጠነኛው ቀን ከሳጥኑ ስታነሣው እጇ ላይ ቀለላት። ቀልሎ ይሁን መስሏት ይሁን አላወቀችም። ላውንደሪ ቤቱ ልብስ በኪሎ ስለሚቀበል ሚዛን አለው፤ በጠዋት ሳጥኑን አቅፋ አውቶቡስ ገባች። አጠገቧ የተቀመጠች ሴት ኬክ ነው ብላ ጠየቀቻት። ኤሊ ነው አለቻት። ሴትዮዋ ቦታ ቀየረች።

ሚዛኑ ላይ ሻለቃ ከግማሽ ኪሎ ትንሽ አለፈ። ይሄ መክሳት ነው ወይስ ድሮም ይሄው ነበር? ባለፈው ሳምንት አልመዘነችውም። አንሥታ ደግማ አስቀመጠችው፤ አሁን ደግሞ ግማሽ ኪሎ አልሞላም። ካውያዋ ሞቆ ይጠብቃታል፣ እሷ ሚዛኑ ላይ አፍጣለች።

«እሱ ሚዛን ከዋሸ ቆይቷል» አላት አጣቢው። ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ሃያ ዓመት የኖረ፣ ጢሙ ድረስ ሳሙና ሳሙና የሚል ሰውዬ ነው፤ ጋሼ አረፋ ይሉታል። «ይልቅ አንቺን ሰው አፍሽ ላይ አፍጥጦ ቢያይሽ ትበያለሽ? ለኔ ተይልኝ። እኔ ሥራ አለብኝ፣ አላየውም።»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል። ሰጠችው። ጋሼ አረፋ ሳጥኑን ወስዶ ከማጠቢያው ክፍል ጀርባ ባለችው ጠባብ ጓሮ አስቀመጠላት። እዚያ ከእንፋሎት ማሽኑ የሚወጣ ቱቦ ቀን ሙሉ ጠብ ጠብ ሲል ይውላል፤ ከሥሩ ያለው አፈር ደርቆ አያውቅም፣ ስሙ የማይታወቅ ቅጠል በቅሎበታል። መስመር በሰባት ዓመት ውስጥ እዚያ የገባችው አንዴ ብቻ ነበር። ጫማዋን ጭቃ ነካው፣ ሁለተኛ አልሞከረችውም።

ከምሳ በኋላ ልታየው ስትወጣ ሳጥኑ በጎኑ ወድቋል። የተተኮሰው አንሶላ ጭቃ ላይ ተጎትቷል። ሻለቃ የለም። ከባልዲዎቹ ኋላ አየች፣ ከተበላሸው ማድረቂያ ሥር በእጇ ዳበሰች፣ እቴቴን ምን እንደምትላት እያሰበች አጥሩን ዞረች። ያገኘችው ቱቦው ሥር ነው፤ ግማሽ አካሉን አፈር ውስጥ ቀብሮ፣ ጀርባው ላይ ውሃው እየተንጠባጠበ። አንገቱ ወጥቷል። እሷ ጋ ከመጣ ጀምሮ አንገቱን እንዲህ ተዘርግቶ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ከአፉ አንድ ቡናማ፣ እርጥብ ክር ተንጠልጥሏል።

ልብስ ተኳሽ የተንጠለጠለ ክር አይቶ አያልፍም። ይህ ከጭንቅላት የሚመጣ ነገር አይደለም፣ እጅ ራሱ የሚያውቀው ነው፤ ከኮሌታ ላይ፣ ከቁልፍ ቀዳዳ ላይ፣ አውቶቡስ ውስጥ ከማያውቁት ሰው ትከሻ ላይ እንኳ ተመዞ ይጣላል። መስመር ጎንበስ አለችና በሁለት ጣቷ ይዛ ሳብ አደረገችው። ክሩ ወደዚያ ተሳበ። ጠንከር አድርጋ ሳበች። ወጣላት። ከዚያ መዳፏ ላይ ተጠማዘዘ።

ሻለቃ ክዳኑን ገጠመ።

ጋሼ አረፋ እጁን እያደራረቀ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ምሳውን ቀማሽው» አላት፣ በቀስታ።

መስመር ትሉን ይዛ ቆመች። ሊበላ ነበር፤ በመጨረሻ ሊበላ ነበር፣ ከአፉ የነጠቀችው ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን እሷ ናት። መመለስ አለባት። ትሉን ይዛ ወደ ቧንቧው ሁለት እርምጃ ከሄደች በኋላ፣ አጥባ ልትሰጠው መሆኑ የገባው ጋሼ አረፋ ሳቁ አመለጠው። ሰውዬው ግድግዳ ተደግፎ ሲስቅ እሷ መሳቅ ይሁን ማልቀስ ያለባት አልገባትም። ተመልሳ ትሉን ሻለቃ ፊት አስቀመጠችው፣ ቅርፊቱንም እንደ በር ቆረቆረች፣ ይቅርታ ወንድሜ አለችው። ትሉ አፈር ውስጥ ገብቶ ሄደ። ሻለቃ ላውንደሪ ቤቱ እስኪዘጋ አልተከፈተም።

በዚያ ምሽት ወደ ቤት የተመለሰችው በአንድ እጇ ጭቃ የነካው ሳጥን፣ በሌላው በጆንያ ከጓሮው የተዛቀ አፈር ይዛ ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ስትቆም ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታያት። እንደ ሰባቱ ዓመት ሁሉ ትክክል የምትለውን ነው ያደረገችው፤ ትክክል በሆነ ቁጥር ደግሞ ኤሊው ይራብ ነበር። ወይስ አይደለም? ምናልባት ጓሮው ነው። ምናልባት ትሉ ነው። ምናልባት ያላዩት ሲመስለው ነው። የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከእንግዲህ ለእቴቴ በላ ማለት አይሆንላትም። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ደወለች።

«እቴቴ፣ እንዳታለቅሺ» ብላ ጀመረች። አጀማመሩ መጥፎ መሆኑን ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ያወቀችው።

«ሞተ?»

«አልሞተም። ግን አልበላም። አንድ ቀንም አልበላም፣ ዋሽቼሽ ነው። ዛሬ ትል ሊበላ ሲል ክር መስሎኝ ከአፉ መዘዝኩት።»

ከዚያ የሚቆራረጥ ድምፅ መጣ። መስመር ገደልኳት ብላ ግድግዳው ላይ ተደገፈች። ድምፁ እየጨመረ ሲሄድ ነው ሳቅ መሆኑ የታወቃት፤ ያ የእቴቴ ሳቅ፣ አንዴ ከተነሣ የማይቆም። ወንድ ልጇ ስልኩን ነጥቆ፣ ምን ብለሻት ነው፣ በፋሻው ሥር እንባ እየወረደ ነው ብሎ ተቆጣት። ሐኪሙ አታልቅሺ ሲል የሳቅ እንባንም ይጨምር እንደሆነ ሁለቱም አላወቁም። ልጁ ሐኪሙ ዘንድ ደወለ። ሐኪሙም ጥቂት አሰበና፣ ፋሻውን አትንኩ፣ የኤሊውንም ወሬ ለጊዜው አቁሙላት አለ።

እቴቴ ግን ስልኩን አስመለሰች። የራሷም የምትናዘዘው ነበራት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሻለቃ ሲበላ በዓይኗ አይታ አታውቅም። ጠዋት ቅጠሉን ግቢዋ ውስጥ አጥሩ ሥር ታስቀምጣለች፣ ትሄዳለች፣ ስትመለስ ቅጠሉ የለም። እሱ ቀኑን የሚውለው የሚያንጠባጥበው ቧንቧ አጠገብ ነው። የጎረቤቷ ዶሮዎች ደግሞ በአጥሩ ቀዳዳ ይገባሉ።

«እስቲ አሁን ንገሪኝ» አለች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «አሥራ አንድ ዓመት የማንን ዶሮ ስቀልብ ነው የኖርኩት? ስመጣ ምን እንደሚበላ አውቀሽ ትጠብቂኛለሽ። የእውነቱን።»

ቅዳሜ ሁሉም ያለውን ይዞ መጣ። አፈሩ ሰፊ ሳፋ ውስጥ ተደረገ። መስመር ልብስ ስትተኩስ የምታረጥብበትን መርጫ አምጥታ፣ እጇ እየከበዳት፣ አፈሩንም ሻለቃንም ረጨች፤ ሆን ብላ ነገር ስታቆሽሽ የመጀመሪያዋ ነው። ባሏ አምፖሉን ወደ አንዱ ጥግ አዛወረው፣ ቢሻው ይቅረብ ባይሻው ይራቅ ብሎ። ጋሼ አረፋ የላከው ትል የልብስ ቁልፍ በሚጠራቀምበት ቆርቆሮ ውስጥ መጥቷል፤ እሱም ተለቀቀ። ሳፋው ግማሹ በጨርቅ ተሸፈነ፣ ሁሉም እንዲወጣ ታዘዘ። ሚጢጢ ወጥታለች ተብሎ ነበር፤ ከጠረጴዛው ሥር ስትገኝ ግን፣ ማንም ሳያያት የደረሰ ቲማቲም እንደወረወረችለት አመነች።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጨርቁ ሲነሣ፣ ቲማቲሙ ላይ በመቀስ የተነደለ የሚመስል ንክሻ አለ፣ የሻለቃም አፍንጫ ቀልቷል። ትሉ የለም። በልቶት ይሁን አፈር ውስጥ ገብቶ ማንም አላየም።

ደስታው ገና ሳይበርድ ክርክሩ ተነሣ። ባልየው ሙቀቱ ነው አለ። ሚጢጢ ቲማቲሜ ነው ብላ አለቀሰች። ጋሼ አረፋ በስልክ ትሉ ነው፣ ቲማቲሙ ማወራረጃ ነው አለ። መስመር ውሃው ይመስላታል፤ ግን ደግሞ በጨርቅ መሸፈኑም ሊሆን ይችላል። እሑድ ያንኑ ሁሉ፣ አንድም ሳያጎድሉ፣ በዚያው ሰዓት ደገሙት። ሻለቃ ክዳኑን ገጥሞ ዋለ። ማክሰኞ መብራት ጠፋ፣ ትልም አልነበረም፣ ጨርቁም ተረሳ፤ ግማሽ ቲማቲምና አንድ ቀንድ አውጣ በላ። ቀንድ አውጣው ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ረቡዕ ምንም። ሚዛኑ አሁንም አንዴ ከግማሽ ኪሎ በላይ፣ አንዴ በታች ይላል።

በሕይወት አለ፤ ዓይኑም ጥርት ብሏል። ግን በየትኛው እንደዳነ መስመር አታውቅም፣ ካላወቀች ደግሞ ነገም ሊራብባት ይችላል፤ እቴቴንም ደግማ መዋሸት አትፈልግም።

ስለዚህ ይህን ለምታነቡ አንድ ልመና አላት። እንዲህ ክዳኑን የሚገጥም ኤሊ ያላችሁ ወይም የነበራችሁ ካላችሁ፣ ምን እንደሚበላ ንገሯት። ይመስለኛል የሚለውን ተዉላት፤ በዚያ በኩል ቤቷ ሙሉ ነው። በዓይናችሁ ያያችሁትን ብቻ፦ ምን ቀረበለት፣ እርጥብ ነበር ወይስ ደረቅ፣ ሲውጠው አይታችኋል ወይስ ጠፍቶ ነው ያገኛችሁት። አይታችሁ ካልሆነ፣ አላየሁም በሏት፤ እሱም ይጠቅማታል። እቴቴ የምትመጣው በሚቀጥለው ሐሙስ ነው።